ሰሃኑ ባዶ ሲመለስ

«ትበላለች እኮ፤ ገላዋ ነው እምቢ ያለው» አለች ሲስተሯ ለጽዳት ሠራተኛዋ። «ሰሃኗን ብታይው የታጠበ ነው የሚመስለው። ኪሎዋ ግን ይኸው ዛሬም ወርዶ ሠላሳ ዘጠኝ! የስድስተኛ ክፍል ልጄ ትበልጣታለች። በቃ፣ ልጅየዋ ትምጣና ትፈርም፤ ከዚያ ወደ ላይ ነው።»

ልጅየዋ መጥታ ነበር። በአንድ እጇ ሙዝ የያዘ ፌስታል፣ በሌላው የታጠፈ ጃንጥላ ይዛ፣ ገርበብ ካለው በር በስተጀርባ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። አርባ ስድስት ዓመት የሞላት፣ የራሷን ልጅ ለሁለተኛ ደረጃ ያደረሰች ሴት ናት፤ በዚህ የአረጋውያን መኖሪያ ቤት ውስጥ ግን ጎብኚ ሁሉ ሽበት ቢያወጣም ስሙ አንድ ነው፤ ልጅየው ወይም ልጅየዋ። ሥራዋ ላውንደሪ ቤት አንሶላ መተኮስ ነው። ትናንት ከሥራ ስትወጣ ስልክ ተደውሎ «ነገ በጠዋት ይምጡ፣ ስለ እናትዎ የምንነጋገረው አለ» ከተባለች ወዲህ እህል በአፏ አልዞረም። ሌሊቱን ጣሪያ ስታይ አደረች። ጠዋት ለልጇ የትምህርት ቤት ምሳ ቋጥራ፣ ክዳኑ መገጠሙን ሁለት ጊዜ አረጋግጣ፣ ለራሷ አንድ ጉንጭ ሻይ ብቻ ፉት ብላ ወጣች። ስለዚህ አሁን ኮሪደሩ ከእግሯ ሥር በቀስታ የሚሄድ ይመስላት ነበር። በሰም የተወለወለው ወለል እንደ ውኃ ያበራል፤ ከወዲያ ጫፍ ካለው ትልቅ መስኮት የሚገባው ብርሃን ነጭና ለስላሳ ነው፣ ልክ እሷ ከካውያ ሥር እንደምታወጣው አንሶላ። በግራና በቀኝ አሮጊቶችና ሽማግሌዎች ወንበራቸው ላይ ተደርድረዋል። ሁሉም አንድ ቀርፋፋ አውቶቡስ እንደሚጠብቁ መንገደኞች ወደዚያው ብርሃን ይመለከታሉ።

«ወደ ላይ» ማለት ምን እንደሆነ ታውቃለች። እናቷን ካስገባችበት ቀን ጀምሮ ስለ ላይኛው ፎቅ ያልሰማችው ነገር የለም። እዚያ የሚወጡት በአፋቸው መብላት ያቃታቸው ናቸው። በአፍንጫቸው ቀጭን ቱቦ ገብቶ፣ ወተት የሚመስል ነገር ጠብ ጠብ እያለ ይወርድላቸዋል። ቱቦውን እንዳይነቅሉት ሁለቱም እጃቸው በለስላሳ ፋሻ ከአልጋው ብረት ጋር ይታሰራል። ለስላሳ ነው፣ ምንም አያምም ይላሉ። የታችኞቹ ስለ ላይኞቹ ሲያወሩ «እሷማ ወጣች» ይላሉ፤ ከዚያ ወሬ ይቀይራሉ። ልጅየዋ ሌሊቱን ሙሉ ስታስብ ያደረችው ሞትን አልነበረም፤ የእናቷን እጆች ነበር። እነዚያ እጆች ታስረው አይታ አታውቅም። እንዲያውም አርፈው እንኳ አይታ አታውቅም።

ሲስተሯ ክፉ ሰው አልነበረችም። ወንበር ስባ አስቀመጠቻት፣ ካርዱን ከመሳቢያ አውጥታ ፊቷ ዘረጋችላት። «ይኸው ይዩት። ሲገቡ አርባ ሰባት ነበሩ። አርባ አምስት፣ አርባ ሁለት፣ አርባ፣ አሁን ሠላሳ ዘጠኝ። ዶክተሩ ደማቸውን አይቷል፣ ሆዳቸውን አይቷል፤ ምንም የለም። ይኼኛው ደግሞ የምግብ ቅጽ ነው። ጨርሳለች፣ ግማሽ በልታለች፣ አልነካችም የሚሉ ሦስት ዓምዶች አሉት። የእናትዎ ሁሉ አንደኛው ላይ ነው።» እውነቷን ነው። ሦስት ወር ሙሉ፣ ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት፣ ሰማያዊ ምልክቶች ከላይ እስከ ታች ተሰልፈዋል፤ አንዱም ወደ ጎን አልሳተም። የልጇን የትምህርት ቤት ካርድ አስታወሳት። እንደዚህ ያለ ካርድ ይዘውልሽ ሲመጡ ሌላ ጊዜ ደስ ይልሻል።

«ታዲያ ምግቡ የት ይገባል ሲስተር?»

«እሱን ነው እኮ የምልዎት። ዕድሜ ነው። አንዳንድ ገላ ይዘጋል።» ሲስተሯ ወረቀቱን ከእስክሪብቶው ጋር ወደ እሷ ገፋ አደረገችው። «እኔ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እወጣለሁ። ከዚያ በፊት ቢፈርሙልኝ ዛሬውኑ አልጋ ይያዝላቸዋል። አልጋ ደግሞ ካመለጠ አመለጠ ነው።»

ልጅየዋ ወረቀቱን አጥፋ ከሙዙ ጋር ፌስታሉ ውስጥ ከተተችው። ኮሪደሩ ላይ ቆማ ለታናሽ ወንድሟ ደወለች። ሩቅ ከተማ ነው የሚሠራው፤ ከጀርባው የማሽን ድምፅ ይሰማል። ነገሩን ሁሉ ነገረችው። «ሰማሁ» አለ፤ «ፈርሚ ካሉ... እኔ ምን አውቃለሁ፣ አንቺ ነሽ የምታያት።» እናታቸውን እዚህ ቤት ለማስገባት የተስማሙ ቀንም እንዲሁ ነበር የተነጋገሩት፤ አንዱ «አንቺ እንዳልሽ»፣ ሌላዋ «አንተ እንዳልክ» እየተባባሉ፣ መሀል ላይ የወደቀውን ነገር ማንም ሳያነሳው። «እሺ በል፣ ራስህን ጠብቅ፤ በልተሃል?» አለችው። «በልቻለሁ» አላት። ዘጋች።

እናቷ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የጎረቤቷን ፎጣ ታጥፋለች። ክፍሉ ሁለት አልጋ፣ አንድ ቁም ሳጥን፣ አንድ መስኮት አለው፤ መስኮቱ ሥር የክፍሉ ማሞቂያ ቧንቧ ቀስ ብሎ ይንኳኳል። ትንሽ ሆናለች። ጸጉሯ ከሻሽዋ ሥር እንደ ጥጥ ብን ብሏል፤ የእጅ አንጓዋ ላይ ያለው ቆዳ ብርሃን ያሳልፋል ማለት ይቻላል። ልጅየዋን ስታይ ግን ፊቷ በራ፤ የመጀመሪያዋም ጥያቄ እንደ ሁልጊዜው ያው ነበር።

«መጣሽ እናትዬ? በላሽ?»

«በኋላ እበላለሁ እማዬ። ይልቅ አንቺ ብይ። እይ፣ ሙዝ አምጥቼልሻለሁ። ከውድነቱ የተነሣ ሻጩ ራሱ ሲመዝነው ያፍራል።»

«አስቀምጪው፣ በኋላ። ልጅቷስ? ምሳ ቋጠርሽላት?»

«ቋጥሬላታለሁ። አንድ ብቻ ብይልኝ። ልላጥልሽ?»

«በኋላ አልኩሽ እኮ።»

እንዲህ ነበር በመጣች ቁጥር። ልጅየዋ ትለምናለች፣ እናት «በኋላ» ትላለች። ያመጣችውን ሁሉ እናቷ አልጋዋ አጠገብ ባለችው መሳቢያ ታስቀምጠዋለች፤ ልጅየዋ ስትወጣ አንዱን ለጽዳት ሠራተኛዋ፣ አንዱን ለጎረቤቷ እንደምትሰጠው ማን ነግሯት። ስለ ወረቀቱ እንዴት እንደምትጀምር አላወቀችም። ፎጣ በማጠፍ አገዘቻት። አራት ጫፍ ይዘው ሲያገጣጥሙ ጣቶቻቸው ይነካካሉ፣ ይለያያሉ፣ እንደገና ይነካካሉ። ቧንቧው ይንኳኳል። ልጅየዋ ይኼ ፎጣ ባያልቅ ብላ ተመኘች።

የምሳ ደወል ሲጮህ ደንቡ ጎብኚ ይወጣል ነው። «ነዋሪዎች በሰላም ይብሉ» ይላል ግድግዳው ላይ የተለጠፈው። ለዚህ ነው ልጅየዋ እስከ ዛሬ ከምሳ በኋላ ብቻ ስትመጣ የኖረችው። ዛሬ ግን ወዴት እንደምትሄድ ጠፋት። በመመገቢያው አዳራሽ ጀርባ ዞራ፣ የወጥ ቤቱ በር አጠገብ ካለች ደረጃ ላይ ቁጭ አለችና ለልጇ ደወለች።

«ምሳሽን በላሽ?»

«በላሁ። አንቺስ?»

«እበላለሁ፣ በኋላ።»

«ሁሌ በኋላ» አለች ልጇ እየሳቀች፤ ከጀርባዋ የጓደኞቿ ጫጫታ መጣ፣ ስልኩ ተዘጋ።

የወጥ ቤቷ ሴትዮ ቆሻሻ ልትደፋ ስትወጣ አገኘቻት። ቀጭን፣ ረጅም፣ አንገቷ ወደ ፊት ያዘነበለ ሴት ናት፤ ቤቱ ሁሉ «ጭልፋ» ነው የሚላት፣ እሷም አትቆጣም። «ምነው እዚህ? ፊትሽ የተቀቀለ ጎመን መስሏል» አለቻት። ልጅየዋ አንድ ቃል ሳታስቀር ነገረቻት፤ ስለ ኪሎው፣ ስለ ሰማያዊ ምልክቶቹ፣ ስለ ወረቀቱ። ጭልፋ ባልዲውን አስቀመጠች። «ምልክቱን የማደርገው እኮ እኔ ነኝ» አለች። «ሰሃን ሲመለስ ዓይቼ ነው። ባዶ ከሆነ ጨርሳለች። የእናትሽ ሰሃን ደግሞ... እኔ እንጃ፣ ቅባት እንኳ አይተርፈውም።» ትንሽ አሰበች። «ነይ ግቢ። በማስተላለፊያው መስኮት ታያለሽ። ሲስተር ከመጣች ግን ከጎመኑ ጋር ነው የምትቀቅለኝ፣ ድስቱ ጀርባ ትገቢልኛለሽ።»

ወጥ ቤቱ በእንፋሎት ተሞልቷል። ልጅየዋ እንፋሎት ልማዷ ነው፤ ግን ይኼኛው የምግብ ሽታ ነበረው። በጠባቡ መስኮት በኩል አዳራሹ እንደ ሕልም ይታያል፤ ብርጭቆው ላይ ላብ ስላለ የሰዎቹ ጠርዝ ይሟሟል፣ ነጫጭ ሰሃኖች ብቻ ቁልጭ ብለው ይንሳፈፋሉ። ጭልፋ ስትቀዳ፣ ሌላዋ ስታመላልስ፣ በአንድ አፍታ ለስልሳ ሰው ደረሰ። ድንች፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ጎመን፣ አንድ ቁራጭ ዳቦ፣ አንድ ኩባያ ወተት። እናቷ መስኮቱ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ናት። በቀኟ በኩል፣ ዓይኗ የጠፋ ጡረተኛ መምህርት፣ በግራዋ ደግሞ በሁለት ሹራብ ተጀቡኖ የሚውል አንድ የድሮ የጭነት መኪና ሾፌር ተቀምጠዋል።

እናቷ ሹካዋን አነሣች። ሹካው ወደ አፍ አልሄደም፤ ወደ መምህሯ ሰሃን ሄደ። እናቷ የመምህሯን ድንች በትንንሹ ቆራረጠችላት፤ ከዚያ የራሷን ድንች ወስዳ ቆራርጣ እዚያው ላይ ደረበችው። እንቁላሏን ለሁለት ከፈለችና ግማሹን ለመምህሯ፣ ግማሹን ለሾፌሩ አደረገች። ዳቦዋን በወተቷ አርሳ ጥርስ ለሌለው ሾፌር አቀረበችለት፤ ከወተቱ የተረፈውን ጉንጭ ብቻ ራሷ ፉት አለች። ጎመኑን ፊት ለፊቷ ወደተቀመጠች ሌላ ሴትዮ ገፋችው። አንዳችም ነገር በድብቅ አላደረገችም፣ አልተቻኮለችም፤ ሕይወቷን ሙሉ ስትሠራው የኖረችውን ሥራ እየሠራች ያለች ሰው ነበር የምትመስለው። መጨረሻ ላይ በቀረው የዳቦ ቅርፊት ሰሃኗን ጠረገችው፤ ጠርጋም ቅርፊቱን ለሾፌሩ ሰጠችው።

«የዚህ ቤት እንቁላል ሁልጊዜ አንድ ተኩል ነው፤ ይባረኩ» አለች መምህሯ ወደ አየሩ። «እኔ ከመጣሁ ወዲህ ቀሚሴ ጠበበኝ።»

«ድንቹ ግን በሦስተኛ ማርሽ ነው የተቀቀለው፣ አልበሰለም» አለ ሾፌሩ፣ በድዱ እያላመጠ።

«ዝም ብለህ ብላ አንተ» አለችው እናቷ፤ ሳቀች። እጆቿን ጭኗ ላይ አጥፋ ሦስቱ ሲበሉ ታያቸው ጀመር። ፊቷ ላይ ያለው ነገር ጥጋብ ነበር፤ ሌላ ስም አይገኝለትም። ሰሃኖች ተሰበሰቡ። የእናቷ ሰሃን ባዶውን በመስኮቱ ገባ፣ ጭልፋም ከልማዷ እስክሪብቶዋን አነሣችና እጇ አየር ላይ ቀረ።

ልጅየዋ ኮሪደሩን በሩጫ ነው ያቋረጠችው። ሲስተሯ ሰምታ አላመነችም፤ ጭልፋ መጥታ «በዓይናችን አየን» ስትላት ደግሞ ተናደደች፣ ራሷ ላይ ነው የተናደደችው። «ሦስት ወር! ሰው ሰሃን ሲያይ ሰሃን ብቻ ነው ለካ የሚያየው።» ወዲያው መፍትሔ አገኘች። ከጠረጴዛው ትነሣ፤ ብቻዋን በክፍሏ ትብላ፤ በሩ ይዘጋ፤ ልጅየዋ አጠገቧ ቁጭ ትበልና ታስጨርሳት። ሌላ ሰሃን ተሞልቶ ተላከ። ካልበላች ግን ወረቀቱ ይፈረማል።

በሩ ተዘጋ። ሰሃኑ ከእናቷ ፊት፣ ልጅየዋ ከሰሃኑ ፊት ተቀመጡ። መጀመሪያ በልምምጥ ጀመረች፤ «ለእኔ ስትይ»፣ «ለልጄ ስትይ»። ቀጥሎ ተቆጣች። ለሰው መስጠት ይበቃል፣ እነሱም ድርሻ ድርሻቸውን አግኝተዋል፣ አንቺ እኮ ልትሞቺ ነው አለቻት። ቀጥሎ ወረቀቱን አውጥታ አሳየቻት፤ ስለ ላይኛው ፎቅ፣ ስለ ቱቦው፣ ስለ ፋሻው ነገረቻት። እናቷ ሁሉንም አዳመጠች። ስለ ፋሻው ስትሰማ እጆቿን ቀስ አድርጋ ከጭኗ አንሥታ አየቻቸው፣ መልሳ አስቀመጠቻቸው። ፈርታለች። ልጅየዋ እናቷ ስትፈራ ያየችው በዕድሜዋ ሁለት ጊዜ ነው፤ ይኼ ሦስተኛው ነበር። እናቷም ከፍርሃቷ የተነሣ ሹካውን አንሥታ አንድ ቁራጭ ድንች ወደ አፏ አስጠጋች፤ አልሆነም። ከንፈሯ ላይ ቆመ። እንደ ባዕድ ነገር መልሳ ሰሃኑ ላይ አኖረችው።

«አይወርድልኝም» አለች በሹክሹክታ፣ አፍራ። «እምቢ ብዬ አይደለም ልጄ። አይወርድም።»

ወተቱ ላይ ቆዳ ያዘ። የመስኮቱ ብርሃን ከግድግዳው ወደ ወለሉ ወረደ። ልጅየዋ ከረሃብና ከድካም የተነሣ ዓይኗ ተከፍቶ ሕልም ማየት ጀመረች። የድሮው ቤታቸው ጠረጴዛ ታያት፤ አንድ እግሩ አጥሮ ከሥሩ የታጠፈ ካርቶን የተደረገለት። አባቷ አለ፣ ወንድሟ አለ፣ ሁለት አጎቶች አሉ፣ እሷም በትራስ ላይ ከፍ ብላ ተቀምጣለች። እናቷን ፈለገቻት። እጆቿን አገኘቻቸው፤ ሲቀዱ፣ ሲቆርጡ፣ ሲያቀርቡ፣ የወንድሟን አገጭ ሲጠርጉ። ጀርባዋን አገኘችው፤ ምድጃው ላይ ያጎነበሰውን። «ጨምሪ» የሚለውን ድምጿን አገኘችው። አፏን ግን አላገኘችውም። ሌላ ቀን ፈለገች፣ ሌላ ክረምት፣ ሌላ ቤት። የሠርጓን ዕለት ሳይቀር አሰበች። እናቷ በየቦታው አለች፤ ቆማ አለች፣ ይዛ አለች፣ እየመጣች ወይም እየሄደች አለች። አንድም ጊዜ ስታኝክ የለችም። ሁሉም ከበላ በኋላ፣ በሩ መለስ ሲል፣ ከወጥ ቤት ማንኪያ የድስት ቂጥ ሲፍቅ ይሰማ ነበር፤ እሱ ብቻ ነው ያለው። በዚያ ጊዜ ልጆቹ ጠግበው ተኝተዋል።

ደነገጠች። አርባ ስድስት ዓመት የእናቷ ልጅ ሆና ኖራ፣ እናቷ ስትበላ አይታ አታውቅም።

«እናትዬ» አለች እናቷ ጎንበስ ብላ። «አፍሽ ባዶ ሆድ ባዶ ሆድ ይሸተኛል። እውነቱን ንገሪኝ። በልተሻል?»

ልጅየዋ «ስለ እኔ ተይው» ልትል አፏን ከፈተች። ሁልጊዜ የምትለው ይህንኑ ነው። በመጣች ቁጥር ሳትበላ ትመጣለች፣ በኋላ እበላለሁ ትላለች፣ ከዚያ እናቷን ብይ ትላለች። እናቷም ትጠብቃለች። ሦስት ወር ሙሉ እዚህ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ ልጇ እስክትበላ ስትጠብቅ ኖራለች።

«አልበላሁም» አለች። «ከትናንት ምሳ ጀምሮ አልበላሁም እማዬ። ርቦኛል።»

እናቷ ተነሣች። ከአልጋ ስትነሣ ሰው የሚይዛት ሴት ናት፤ ማንንም ሳትይዝ ተነሣች። ነጠላ ጫማዋን በእግሯ ፈልጋ አጠለቀች፣ ሻሽዋን ጠበቅ አደረገች፣ የቀዘቀዘውን ሰሃን አንሥታ በሩን ከፈተች። «የቀዘቀዘ አትበይም» አለች። በኮሪደሩ መሀል ለመሀል ሄደች፤ ወንበር ላይ የተደረደሩት ሁሉ አንገታቸውን እያዞሩ አዩአት። ልጅየዋ ከኋላዋ፣ ከወደቀች ለመያዝ ሁለት እጇን ዘርግታ ተከተለቻት። እናቷ ግን የወጥ ቤቱን በር በትከሻዋ ገፋችው።

«እማማ! ነዋሪ እዚህ አይገባም እኮ» አለች ጭልፋ።

«ልጄ አልበላችም» አለች እናቷ። ይኼ በሷ ዘንድ ለየትኛውም ደንብ የሚበቃ መልስ ነበር።

ምድጃው ላይ ያለውን የሠራተኞች ሾርባ ድስት ከፈተች፣ አሸተተች፣ ጨው አነሰው ብላ ጨመረች፤ ጭልፋ ልትከለክል ብላ ተወችው። ከትናንት ያደረ ሩዝ በሾርባው አሞቀች። ልጅየዋን የአትክልት መክተፊያው ጠረጴዛ ዳር አስቀመጠቻት፣ ሞልታ ሰጠቻት፣ ፊት ለፊቷ ቆመች። «ብይ።»

ልጅየዋ ምላሷ ጫፍ ላይ «አንቺስ?» የሚለው ቃል መጣ። ዋጠችው። ማንኪያውን አነሣችና በላች። ቀላል አልነበረም። እናቷ እየከሳች፣ ወረቀቱ ፌስታል ውስጥ እያለ፣ እሷ እንደ ሕፃን ፊቷ ተቀምጣ መብላት ነውር መሰላት፤ እንባዋ ሾርባው ውስጥ ገባ። ግን ሙቀቱ ወደ ታች ሲወርድ፣ ከጠዋት ጀምሮ ሲንሳፈፍ የዋለው ዓለም ቀስ ብሎ መሬት ነካ። ጨረሰች። እናቷ ጨመረችላት። ያንንም ጨረሰች። ሰሃኑን ስትገፋ ከልቧ ነው የገፋችው። «ጠገብኩ እማዬ። እውነቴን ነው፣ ጠገብኩ።»

እናቷ ዓይኗን አጥብባ አየቻት፤ አመነቻት። ወደ ጭልፋ ዞረች። «አንቺስ?»

«ኧረ እኔ ምግብ ሲሸተኝ ነው የምውለው፣ ሽታው ብቻ ያጠግበኛል።»

«ቁጭ በይ።»

ጭልፋ ሳቀች፣ አየቻት፣ ሳቋን ትታ ቁጭ አለች። በላች። እናቷ የማንኪያዋን መመላለስ በዓይኗ ተከተለች። «መምህሯ በልታለች?»

«በልታ ተኝታለች።»

«ሾፌሩ?»

«እሱማ ሁለት ዙር ነው። ያንኮራፋል።»

እናቷ ትንፋሿን ለቀቀች፤ የሆነ ረጅም ሥራ ያለቀላት ይመስል ትከሻዋ ወረደ። እንፋሎቱ በመስኮቱ ላይ ይወርዳል፣ ከሰዓት በኋላው ብርሃን በእንፋሎቱ ውስጥ ቢጫ ሆኖ ይቆማል። ድስቱን ወደ ጎን አዘነበለችው፤ የወጥ ማንኪያውን አስገብታ ከቂጡ ፋቀች። ያ ድምፅ። እናቷ እንደ ቆመች፣ ጀርባዋን ግማሽ አዙራ፣ የፋቀችውን ወደ አፏ አደረገች። ዋጠች። እንደገና ፋቀች። እንደገና።

በዚያን ሰዓት ሲስተሯ በሩ ላይ ደረሰች፤ ወረቀቱን ፍለጋ ነው የመጣችው፣ ካፖርቷን ለብሳለች። «እንዴ፣ ይቀመጡ እንጂ! ይወድቃሉ!» ልትል አየር ስትስብ ልጅየዋ እጇን አነሣች፤ እባክሽ፣ ዝም። ሦስቱም ሴቶች እንዳሉ ባሉበት ቀሩ። ማንኪያው ብረቱን ሲፍቅ፣ ሲቆም፣ ሲፍቅ ይሰማል። ሲስተሯ ከብዙ ጊዜ በኋላ ወደ ጭልፋ ጠጋ አለችና በሹክሹክታ «ከነገ ጀምሮ ምሳ ሲቀዳ እሳቸው ይኑሩ» አለቻት። «ሁሉም በልቶ ሲያልቅ ድስቱን ስጫቸው። ወፈር አድርገሽ አስቀሪበት፤ እንቁላል፣ ቅቤ፣ ያለሽን። ቆመው ከፈለጉም ቆመው።» ወደ ልጅየዋ ዞረች። «ተስፋ አልሰጥም። ለሁለት ሳምንት አልፈርምም በይኝ፣ እኔም አልጠይቅሽም። ከዚያ ሚዛኑ ይናገር።» አንቱታውን መተዋ ለራሷም አልታወቃት። በሩን ሳታስጮህ ዘግታ ሄደች።

«ምን ታዩኛላችሁ?» አለች እናቷ ሳትዞር፣ ሐፍረት ባለበት ድምፅ።

«ምንም እማዬ። አንቺን አይደለም።»

ጭልፋ ተነሥታ ባዶ ባልዲ እያንኳኳች ትሠራ ጀመር፣ ሰው እንደሌለ ያህል። ልጅየዋም ጨርቅ አንሥታ ንጹሑን ጠረጴዛ ወለወለች። ግን በጎን ሰርቃ ታያታለች። እናቷ በዝግታ ነበር የምትበላው፣ ጊዜው ሁሉ የሷ እንደሆነ። በቀኝ በኩል ጥርስ ስላልነበራት በግራዋ ብቻ ታኝካለች፤ ከመዋጧ በፊት ዓይኗን ለአንድ አፍታ ትከድናለች፣ ስትውጥም ግራ ቅንድቧ በትንሹ ከፍ ይላል። ልጅየዋ መወልወሏን ሳታቋርጥ፣ ይህችን ቅንድብ ለመጀመሪያ ጊዜ አየቻት።